ከአጥሩ ማዶ የቆመው «ተ»

አባሲያ የተባለችው የኩዌት ሰፈር በሽቦ የታጠረች ዕለት መንገሻ ከአጥሩ ውጭ ቀረ፤ ሚስቱ ርብቃና የአምስት ዓመት ልጃቸው ዮዳሄ ውስጥ ቀሩ።

ኮሮና ኩዌት ከገባ ሰንብቷል። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቷል፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል፣ ሰው ፊቱን በማስክ ሸፍኖ በዓይኑ ብቻ መነጋገር ጀምሯል። መንገሻ ሾፌር ነው። ሙባረክ አል-ከቢር በሚባል አካባቢ ካለ አንድ የምግብ መጋዘን ሩዝ፣ ዘይትና የታሸገ ውሃ በፒካፕ እየጫነ ለየሰፈሩ በቃላ፣ ማለትም ለትንንሾቹ ሱቆች ያደርሳል። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት የእሱ ሥራ ጭራሽ በዛ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ባለቤት አቡ ዒሳ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «አባሲያ ሊዘጋ ነው ይባላል፤ ከተዘጋ የገባ አይወጣም። መሥራት የሚፈልግ እዚሁ መጋዘኑ ጀርባ ባለው ክፍል ይቆይ» አላቸው።

መንገሻ ለርብቃ ደወለ።

«ና ብልህ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። «ግን የእኔም ሥራ ቆሟል። ሁለታችንም እቤት ከተቀመጥን እንዴት ልንሆን ነው? ለጥቂት ጊዜ ነው መንጌ፣ እዚያው ሁን።»

ርብቃ ሳልዋ በሚባል ሰፈር በአንድ መዋእለ ሕፃናት ረዳት ነበረች። ልጆቹን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች፤ መምህራኑ ሲያስተምሩም አጠገባቸው ተቀምጣ ወረቀት ትቆርጣለች፣ ሙጫ ትቀባለች። ወረርሽኙ ሲመጣ መጀመሪያ የተዘጋው እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ለጥቂት ጊዜ የተባለው እየተጎተተ ረዘመ።

መንገሻ ሁልጊዜ ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጥቦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቪዲዮ ይደውላል። የልጁ ፊት ብቅ እንዳለ ሰላምታው አጭር ነው፤ ወዲያው ወደ ፊደል ይገባል። በልቡ አንድ ስጋት ነበረው። ዮዳሄ የተወለደችው እዚሁ ነው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር በዓረብኛ ትጫወታለች፣ ከቴሌቪዥን እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ አማርኛዋ ከእናትና ከአባቷ አፍ የለቀመችው ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ የሚጠብቋት የዓረብኛው አሊፍና የእንግሊዝኛው ኤቢሲዲ ናቸው። «ፊደሉን እኛ ካላስተማርናት ማን ያስተምራታል?» ይላል ዘወትር።

የሚያውቀው ዘዴ ደግሞ እሱ ራሱ የተማረበትን ብቻ ነው። «ሀ በይ» ይላታል፣ «ሀ» ትላለች። «ሁ በይ»፣ «ሁ»። መደዳውን እንደ መዝሙር ትወጣዋለች። ግን አንዱን ፊደል ብቻውን ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ካሜራው ሲያስጠጋው ይጠፋባታል። ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ከመጀመሪያው እየዘመረች መጥታ የፈለገችው ላይ ትቆማለች።

«ይሄ ማነው?»

«ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ... ሃ ነው።»

«ዮዳሄ፣ ይሄ ‹መ› ነው። ትናንትም ነግሬሻለሁ። ልብ አትይም እንዴ?»

ድምፁ ከፍ ሲል ልጅቷ ከንፈሯን ትነክሳለች። እሱም ስልኩን ከዘጋ በኋላ ይጸጸታል፤ በማግስቱ ግን ያው ነው።

አንድ ቀን ሲደውል ርብቃ ብቻዋን ብቅ አለች።

«ዮዳሄስ?»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት?»

ርብቃ ውሸት አይሆንላትም። ስልኩን ይዛ ወደ ኩሽና ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አልተኛችም። አልጋ ሥር ገብታለች። ‹አባዬ ከሆነ ተኝታለች በይው› ብላኝ ነው» አለችው።

መንገሻ ለዕለቱ ያዘጋጀውን የፊደል ወረቀት አጣጠፈው።

«ፊደሉን አልጠላችውም እኮ» አለች ርብቃ። «ከእኔ ጋር ስትጫወትበት ነው የምትውለው። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሼላት በጣቷ ትጽፋለች፤ ሲበላሽባት ትሪውን ነቅነቅ አድርጋ ታጠፋዋለች። ወለሉ ላይ በፕላስተር ‹ለ› ሠርቼላት እንደ ሰኞ ማክሰኞ ትዘልበታለች። የፈራችው ስልኩን ነው። ሲጮህ ፈተና መጣ ብላ ነው የምትደበቀው።»

«እኔን ነው የፈራችው በይኝ እንጂ።»

«እንደሱ አልልህም። ግን አባቷን የምታየው በዚህች ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። አንተ ደግሞ በመስኮቷ ብቅ ባልክ ቁጥር ‹ይሄ ማነው› ነው የምትላት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መንገሻ የውሃ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ቀረ። የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሽ ኢዘዲን በሩን ዘግተው ሲመለሱ እንደዚያው አገኙት። ጋሽ ኢዘዲን የደሴ ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ሸብቷል፣ ኩዌት ውስጥ ብዙ ኖረዋል፣ ቤተሰባቸው አገር ቤት ነው።

«ምነው ፊትህ?» አሉት።

«ልጄ ተደበቀችኝ።» ነገራቸው።

ጋሽ ኢዘዲን አጠገቡ ካለው ካርቶን ላይ፣ እንደ ደንቡ ራቅ ብለው፣ ተቀመጡ። «እኔ ልጆቼን በስልክ ነው ያሳደግኋቸው» አሉ። «አንድ ነገር ልንገርህ። በስልክ አትቆጣ። እቤትህ ብትሆን ተቆጥተህ ስታበቃ እቅፍ አድርገህ ታባብላታለህ። በስልክ ግን ቁጣው ይደርሳል፣ እቅፉ አይደርስም።»

በማግስቱ መንገሻ ስለ ፊደል ላያነሳ ወስኖ ደወለ። ርብቃ በብዙ ልመና ልጅቷን ስልኩ ፊት አመጣቻት። ዮዳሄ ካሜራውን ሳይሆን የእግሯን ጣቶች ታያለች።

«ምን በላሽ ዛሬ?»

«ሩዝ።»

«ጥሩ ነበር?»

«እህ።»

መንገሻ ሌላ የሚጠይቀው ፈለገና አጣ። ከገዛ ልጁ ጋር የሚያወራው ወሬ እንደሌለው ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ ቀላ አለ። በመጨረሻ ስልኩን ከካርቶን ጋር አስደገፈና ሙሉ ሰውነቱ እንዲታይ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ዮዳዬ፣ ምን ያህል እንደናፈቅሽኝ ላሳይሽ?» አለና ሁለት እጁን ግራና ቀኝ እስከሚችለው ዘረጋ። «ይህን ያህል።»

ዮዳሄ ቀና አለች። አባቷን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «ተ» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«አባዬ፣ ‹ተ› ሆንክ።»

መንገሻ እጆቹን እንደዘረጋ ግራና ቀኙን ተመለከተ። እውነትም ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ክንዱ የተዘረጋ ‹ተ› ነው። ጎበዝ ሊላት አፉን ሲከፍት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እጆቹን አጥፎ ወገቡን ያዘ፣ ክርኖቹም በሁለቱም በኩል ወጡ።

«እሺ ይሄስ?»

ልጅቷ መልሱን ከመናገሯ በፊት ሳቀች። «ቀ! አባዬ ‹ቀ› ሆነ። እማዬ ነይ እዪው።»

እግሩን አንፈራጦ ‹ለ› ሆነላት። ሁለት እጁን ሽቅብ ሰቅሎ ‹ሠ› ሆነላት። መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ እጅና እግሩን ወደ ላይ ሲያነሳማ፣ ያ የአገር ሩዝና ዘይት ጭኖ የሚዞር ጎልማሳ ሰው፣ ‹ሀ› ሆኖ ቁጭ አለ። ዮዳሄ ከሳቋ ብዛት ስልኩን ከእናቷ እጅ ጣለችው። ያን ቀን «በቃ ይዘጋ» ያለችው እናቷ እንጂ እሷ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ልክ ጥላው ሲረዝም የሚደወለው ከአባሲያ በኩል ሆነ።

አንድ ሰው ብቻውን ሊሆናቸው የሚችላቸው ፊደላት ግን ቶሎ አለቁ። መንገሻ ጌትነትን ለመነው። ጌትነት የመጋዘኑ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ቁመቱ መብራት እንጨት የሚያክል፣ ዝምተኛ፣ የጎጃም ልጅ። መጀመሪያ አፈረ። «እኔ ደግሞ ምን ልሆን ነው?» አለ።

«ግማሽ ‹በ›» አለው መንገሻ።

ፊት ለፊት ቆሙና ክንዳቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ትከሻ ያዙ። ጋሽ ኢዘዲን ስልኩን ይዘው ከፊታቸው ቆሙ። ከአባሲያ ወዲያው «በ» የሚል ድምፅ መጣ። መንገሻ የዚያን ጊዜ ነው የሰባቱ ቤት ነገር የታየው። እሱ ልጅ ሆኖ መደዳውን ሲሸመድድ ‹ቡ› ከ‹ቢ› በምን እንደሚለይ ያስረዳው ሰው አልነበረም፤ ደጋግሞ በማየት ብቻ ነው የለመደው። አሁን ግን በቀኝ የቆመው ጌትነት ከወገቡ ላይ እጁን ወደ ውጭ ሲቀስር ‹ቡ› ሆነ። እጁን መልሶ እግሩን ወደ ውጭ ሲዘረጋ ‹ቢ›። በግራ ያለው መንገሻ ሲንበረከክ የጌትነት እግር ረዝሞ ቀረና ‹ባ› ሆነ። መንገሻ ተነሥቶ ጌትነት እግሩ ሥር የፕላስተር ጥቅል ሲያስቀምጥ ‹ቤ›። መንገሻ በግራ በኩል ክርኑን ሲያወጣ ‹ብ›። በመጨረሻ ጌትነት በተራው ሲንበረከክ ‹ቦ›።

«ጌትነት፣ ጉልበትህን ዝቅ አድርገው» ይላሉ ጋሽ ኢዘዲን ስልኩን እያስተካከሉ። «‹ቦ› አትመስልም። የተጣላህ ሰው ነው የምትመስለው።»

ሦስተኛ ሰው ያስፈለገ ቀን እሳቸውም ስልኩን ካርቶን ላይ አስደግፈው ገቡበት። ሦስቱ ተያይዘው ሲቆሙ ‹ሐ› መሆን ነበረባቸው፤ ነገር ግን ጌትነት መካከል ገብቶ ጭንቅላቱ ከሁለቱ በላይ ስለወጣ ዮዳሄ ‹ጠ› ነው ብላ ድርቅ አለች። ርብቃ ከጎኗ ሆና አየችና ልጅቷ ልክ ናት አለች። ጌትነት ‹ሐ›ን ለማስገኘት ጉልበቱን አጥፎ ለመቆም ሞከረ፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ሦስቱም ተያይዘው የሩዝ ከረጢቶቹ ላይ ወደቁ።

በአባሲያም በኩል ዝም አልተባለም። ርብቃ ከመዋእለ ሕፃናት ያመጣችውን ብልሃት ሁሉ ታወጣ ጀመር። ዮዳሄ በተራዋ ፊደል እየሠራች መንገሻና ጓደኞቹ እንዲያውቁላት ታደርጋለች። አንድ ቀን በፓስታ፣ አንድ ቀን በጫማ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለዳቦ ከተቦካው ሊጥ ቆንጥራ። ሊጡ ይጋገርና ያወቀ ሰው «ቢቀርብህ ትበላው ነበር» ይባላል፣ እሷ ትበላለታለች። ጌትነት ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። «ጋሼ ጌትነት፣ ልብ አይሉም እንዴ?» አለችው አንድ ቀን። መንገሻ የራሱን ቃል ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ጌትነት ግን የተባለው አልገባውምና «እሺ፣ ነገ ልብ እላለሁ» ብሎ መለሰላት።

ጊዜው ሁሉ ሳቅ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ኅብረታቸው አንድ ወንድም በበሽታው ሞቶ ርብቃና መንገሻ በስልክ ተላቅሰዋል። ሰዓት እላፊው ጠንክሮ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ርብቃ አንዳንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆማ ባዶውን ጎዳና እያየች ትቆያለች። እንዲህ በሆነች ጊዜ ዮዳሄ ቀሚሷን ትጎትታትና «እማዬ፣ አባዬ ዛሬ ምን ይሆን ይመስልሻል?» ትላታለች።

ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ መበርታት ሲጀምር፣ ጉድ ያፈላው ነገር መጣ።

ዮዳሄ ‹ረ›ን ጠየቀች። ‹ረ› ደግሞ ቆሞ አይሆንም፤ ሰው ተጋድሞ መጣመም አለበት። ጋሽ ኢዘዲን መላ ዘየዱ። ሁለቱ ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፈው ሊተኙ፣ እሳቸው የብረት ደረጃውን ወጥተው ከላይ ሊያሳዩ። ጌትነት በጎኑ ተኝቶ እንደ ‹ረ› ተጠማዘዘ። መንገሻ ከአጠገቡ በጀርባው ተንጋሎ ሌላ ፊደል ለመሆን አንድ እጁን ወደ ላይ፣ አንድ እግሩን ወደ ጎን ወርውሮ ቀረ። ሁለቱም ማስክ አድርገዋል።

«እንዳትንቀሳቀሱ» አሉ ጋሽ ኢዘዲን ከላይ። «ኔትወርኩ ያዘ። ምስሉ ቆሟል።»

ሁለቱ ፀጥ ብለው ተኙ።

ከግቢው ግንብ ማዶ የአቡ ዒሳ ቪላ ነው። ሚስቱ ማዳም ዓሊያ በፎቁ መስኮት መጋረጃ ገልጣ ስታይ፣ ሁለት ሠራተኞች መሬት ላይ ተዘርረው አንዱ ተጨማዶ፣ አንዱ እጁን ሰቅሎ፣ ንቅንቅ ሳይሉ አገኘች። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያስበውን አሰበች። ስልክ አነሣች።

አምቡላንሱ ከመቼው እንደደረሰ አይታወቅም። መንገሻ የበሩን ድምፅ ሰምቶ ዓይኑን ሲገልጥ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወደ እሱ ይሮጣሉ። ዘሎ ተነሣ። ጌትነትም ዘሎ ተነሣ። ነጭ የለበሱት፣ ሬሳ የተነሣባቸው ያህል፣ ባሉበት ቆሙ።

«የት ነው የሚያምህ?» አለ አንደኛው በዓረብኛ።

«አያመኝም። ሐርፍ ነኝ» አለ መንገሻ። ሐርፍ በዓረብኛ ፊደል ማለት ነው። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

«ምን ነኝ አልክ?»

«ሐርፍ። እኔ ሐርፍ፣ እሱም ሐርፍ።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንደኛው ቀስ ብሎ ትኩሳት መለኪያውን አወጣ፤ በሽታው ጭንቅላት ላይ ወጥቷል ብሎ እንዳሰበ ያስታውቃል። በዚህ መካከል ምስሉ ተመለሰና ከደረጃው አናት፣ ከጋሽ ኢዘዲን እጅ፣ የዮዳሄ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«አባዬ፣ እነዚያ ነጭ የለበሱት ምን ፊደል ናቸው?»

ጋሽ ኢዘዲን ዓረብኛቸው የተሟላ ነው። ከላይ ሆነው ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዱ፤ አባሲያን፣ አጥሩን፣ ልጅቷን፣ ‹ረ›ን። ልጅቷ የጠየቀችውንም ተረጎሙላቸው። ከማስኩና ከመነጽሩ በስተጀርባ የሰውየው ዓይኖች ጠበቡ፤ መሳቁ ከትከሻው ታወቀ። ቃሬዛውን መሬት አስቀመጠና እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ አሊፍ ነኝ በላት» አለ።

ያም ሆኖ ሕግ ሕግ ነው። ትኩሳታቸውን ለኩ፣ አፍንጫቸው ውስጥ ጥጥ ከተው ናሙና ወሰዱ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ከክፍላቸው እንዳይወጡ አዘዙ። ማዳም ዓሊያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነገሩ ሲገባት አንድ እጇን ደረቷ ላይ ጭና፣ «ወላሂ ሞታችኋል ብዬ ነው» አለች፤ ልትቆጣ ፈልጋ ግማሽ መንገድ ላይ ሳቋ ቀደማት። አቡ ዒሳ ግን አልሳቀም። ማታውን ደውሎ፣ «ሰው የሚያስደነግጥ ፊደል አልፈልግም» አለ። «የሚማር ይማር። ግን ቆማችሁ አስተምሩ።»

ውጤቱን የጠበቁባቸው ቀናት ለመንገሻ ከባድ ነበሩ። ቢያዝስ? ወደ ለይቶ ማቆያ ቢወሰድስ? ለዮዳሄ ግን በክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ ፊደል ይሠራላት ነበር። ሁለቱም ነፃ ሆነው ተገኙ። ርብቃ ሲነግራት «ተመስገን» አለችና ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

ማዳም ዓሊያ ከአምቡላንሱ በኋላ ነገሩን አልተወችውም። አንድ ከሰዓት በኋላ በቪላው በረንዳ ላይ ብቅ ብላ ጋሽ ኢዘዲንን ጠራቻቸው። ዒሳ የሚባል ልጅ አላት፤ የዮዳሄ እኩያ ነው። ትምህርቱ በታብሌት ሆኖበት፣ መምህሯ ስታናግረው ጠረጴዛ ሥር እየገባ አስቸግሯታል።

«የእኛንም ፊደል ትችላላችሁ?» ስትል ጠየቀች።

ጋሽ ኢዘዲን ልጅ ሆነው ቁርአን ቤት ተቀምጠዋል፤ ሥራውን እሳቸው ተረከቡ። መተኛት ስለተከለከለ ጌትነት መሬት ላይ ተቀምጦ ረጅም እግሮቹን ወደ ፊት ዘረጋ፤ ደረቱን ቀጥ ሲያደርግ የጀልባ ቅርጽ ወጣው። ጋሽ ኢዘዲን በፊደሉ ነጥብ ፈንታ ኳስ ከእግሩ ሥር ሲያስቀምጡ «ባ» ሆነ። ሁለት ኳስ ከላይ ሲይዙለት «ታ»፣ ሦስት ሲሆን «ሳ»። ዒሳ በረንዳው ላይ እየዘለለ ነጥቡን ራሱ ለማስቀመጥ ኳሶቹን ወደ ታች ይወረውር ጀመር፤ አንዱ የጌትነትን ግንባር መታው።

«ለምንድነው የእነሱ ፊደል ኳስ የሚፈልገው?» አለች ዮዳሄ በስልኩ።

«የእኛው ደግሞ ብዙ እግር ይፈልጋል» አላት አባቷ።

ጨዋታው በወሬ ተሰማ። የኅብረታቸው አባላት በየዓርቡ በዙም እየተገናኙ ይጸልያሉ፤ የልጆች መምህርቷ ቤዛ አጨዋወቱን ከርብቃ ጠይቃ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ከዝማሬ በኋላ ልጆቹን «እያንዳንዳችሁ አንድ ፊደል ሁኑ» አለቻቸው። ስልኩ ላይ በተደረደሩት ትንንሽ መስኮቶች ውስጥ አንዱ እጁን ዘርግቶ፣ አንዷ ተንበርክካ፣ አንዱ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ቆመ። አንድ ሁለት አባቶችም ገቡበት። ዮዳሄ ሁሉንም እየጠራች አነበበች፤ አንዱን ብቻ ሳተች፣ እሱም ልጁ ፊደል መሆኑን ትቶ ወንበር ሊያመጣ ሲሄድ ነው።

አጥሩ የተነሣው ሙቀቱ በጣም በጠነከረበት ወቅት ነበር። መንገሻ የማለዳውን ጭነት አድርሶ፣ የቀረውን ቀን አስፈቅዶ፣ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ገዝቶ አባሲያ ገባ። ደረጃውን እየሮጠ ነው የወጣው።

ርብቃ በሩን ከፈተች። ሁለቱም በማስካቸው ላይ በዓይናቸው ብቻ ትንሽ ተያዩ፤ ከዚያ ሐብሐቡን ተቀበለችውና መሬት አስቀምጣ አቀፈችው። ዮዳሄ ከእናቷ ቀሚስ በስተጀርባ ቆማለች። ሊያነሣት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸች።

መንገሻ አልተጠጋትም፤ እዚያው በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የሚጠይቃት ነገር ቢኖረውም አልጠየቃትም።

«በስልክ ትንሽ ነበርክ» አለች በመጨረሻ።

«አሁንስ?»

«አሁን ትልቅ ነህ። ደግሞ ላብ ላብ ትላለህ።»

«ልታጠብ?»

አሰበችበት። «ቆይ» አለችና ቀስ እያለች መጥታ ጢሙን በጣቷ ነካችው። ነካችና እጇን አላነሣችም። ርብቃ ሐብሐቡን ይዛ ወደ ኩሽና ስትገባ ልጅቷ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ፀሐይ ሲበርድ ሦስቱ ዳቦና በርበሬ ሊገዙ ወጡ። መንገዱ እንደገና ሰው ሞልቶታል፤ የተዘጉ ሱቆች በራቸውን ከፍተዋል። በሰፈሩ የማሚቴ የባልትና ሱቅ አለ፤ ማሚቴ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሐበሻው ሁሉ ሽሮውንና በርበሬውን ከእሳቸው ነው የሚገዛው። ዮዳሄ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። መስታወቱ ላይ በወፍራም ስክሪፕቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«በ...» አለች። «ር... በ... ሬ። በርበሬ።»

መንገሻና ርብቃ ተያዩ። ይህን ማንም ለእሷ ብሎ አልጻፈውም። ማንም አልሆነላትም።

«ገ... ብ...» ቀጠለችና ቆመች። ቀጣዩ ፊደል ‹ቷ› ነው፤ ከጨዋታቸው ውስጥ ያልነበረ። የመንገሻ አፍ ከማስኩ ሥር ተከፈተ። ርብቃ እጅጌውን ነካ አደረገችው፤ ዘጋው። ልጅቷ ፊደሉን ቀና ብላ፣ ጎንበስ ብላ አየችው። አንድ እግሯን አነሣች፣ መለሰችው።

«ቱ... ቱዋ... ገብቷል። በርበሬ ገብቷል!»

ሌላ ሰው ሳይናገር በሩን ገፍታ ገባች።

«እትዬ ማሚቴ፣ በርበሬው የት ነው የገባው?»

«ከአገር ቤት መጥቶ ነዋ የገባው፣ የኔ ቆንጆ።»

«እሺ፣ ግን የት ገባ?» አለችና ጎንበስ ብላ የባንኮኒውን ሥር ታይ ጀመር።

ማሚቴ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እጇን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷትና የማዳበሪያውን አፍ ፈተው አሳዩዋት። «ይኸውልሽ የገባበት» አሏት። ዮዳሄ በደንብ ለማየት ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ አንገቷን አስገባች፤ ወዲያው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሱቁን የሚያናውጥ ማስነጠስ አስነጠሰች።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ደረቀ። ሽሮ የምትገዛው ሴት ወደ ግድግዳው ተጣበቀች፤ ገና ሊገባ የነበረ ሰው እግሩን ከደፉ ላይ መለሰ።

«በርበሬ ነው፣ በርበሬ ነው» አለ መንገሻ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ በሩ ላይ ለቆሙት ሁሉ እያስረዳ። «ገብቷል። አሁን አነበበችው።»